በእማዬ ድምፅ የሚደውልልህ

ይድረስ ለወንድሜ ለሂሻም ተማም፤ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ኢፍራህ እንዴት ናት? ልጆቹ መቼም አድገው ቁመታቸው ከኔ ሳይበልጥ አይቀርም። የጅዳው ሙቀት እንዴት አድርጓችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለሁ። አባባም አለ። ስለ እማዬ ቀስ ብዬ ልነግርህ ነውና እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ስልክ የለኝም፤ ቢኖረኝም ይህን በስልክ አልነግርህም። እኔ ልሁን ሌላ ነገር በምን ለይተህ ታውቃለህ? ደብዳቤውን የጂቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳው ጎረቤታችን ፋራህ ይዞልኝ ይሄዳል። እዚያ ወደ አንተ ለሚሻገር ዘመዱ ይሰጥልኛል። የእጅ ጽሑፌን አትስተውም።

ለእማዬ የላክህላት የጆሮ ማዳመጫ የደረሰ ቀን ቤቱ ሰርግ ቤት መሰለ። ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ሰው ሲያወራ አፍ አፉን እያየች ፈገግ ማለት ብቻ ነበር ሥራዋ። ስናደርግላት «የጎረቤት ዶሮ ሰማሁ» ብላ አለቀሰች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ዕቃው በአንተ ድምፅ ያናግራት ጀመር። መጀመሪያ የደወልክ መስሎን ደስ አለን። ስትበላም ስትተኛም ድምፅህ አልቋረጥ አለ። ሶላቷን ሳትጨርስ «አቤት ልጄ» ትላለች። አንተ ስትደውል ደግሞ በእሷ ድምፅ የሚመልስልህ፣ የምትስቅ ፊቷንም በስልኳ የሚያሳይህ ያው ዕቃ ነበር። እሷ ጥግ ላይ ፈዛ ተቀምጣለች። እማዬ እየጠፋችብን ነው ብዬ ብነግርህ «አቦ ተይ፣ አሁን አናገርኳት፤ ስትስቅ ነበር። ቀንተሽባት ነው» አልከኝ። ያ ቃልህ እስከ ዛሬ ከደረቴ አልወጣም።

ወዲያው ዕቃው እዚህ ታይዋን ገበያ ውስጥ በየሱቁ ተደረደረ። የሞተበት የሟቹን፣ ልጁ የተሰደደበት የልጁን ድምፅ ሊሰማ ገዛ። ብዙም ሳይቆይ ከተማው ዓይናቸው በፈጠጠ፣ በስማቸው ሲጠሩ በማይዞሩ ሰዎች ተሞላ። ባጃጅ ሲመጣባቸው አይሸሹም፤ ካላጎረሷቸው አይበሉም። በቁማቸው ሞተዋል። ሕዝቡ «ሰሚዎች» ብሎ ሰየማቸው። ጆሮው ባዶ የሆነ ሰው ካዩ ሁለት ሦስት ሆነው ይይዙትና ከራሳቸው ጆሮ አንዱን ነቅለው ይሰኩበታል፤ እየሳሙት፣ እያባበሉት። የተያዘው ይታገላል። ከዚያ የሚወደው ሰው ሲጠራው ይሰማና እጁ ይዝላል። የእትዬ በለጠች ልጅ ናሁሰናይ ከዚራ ሰፈር መንገድ ላይ እንዲህ ተይዞ ነው የቀረው።

አንድ ቀን ከእማዬ ጆሮ ነቀልኩት። ትክ ብላ አየችኝና «ቱሪያ፣ ምነው ከሳሽ?» አለችኝ። እሷ ራሷ ነበረች። ደስታዬን ሳልጨርስ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ልጄን ገደልሽብኝ እያለች ጮኸች። አባባ ጩኸቷን አልቻለም፤ ከእጄ ተቀብሎ መልሶ ሰካላት።

ሰሚዎቹ ከሰዓት በኋላ ወደ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ እየወረዱ መቆም ለመዱ። ምን እንደሚጠብቁ የሚያውቅ የለም። ያን ቀን በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ጎርፉ ሲመጣ እንዴት እንደሚያጓራ አንተም ታውቃለህ፤ ገበያተኛው ዕቃውን ጥሎ ወደ ላይ ሮጠ። እነሱ አልሰሙም። እኔና አባባ ወርደን ግራና ቀኝ እጇን ይዘን ጎተትናት። «ሂሻም እዚሁ ጠብቂኝ ብሎኛል» ብላ አልነቃነቅ አለች። ውኃው ጉልበታችን ላይ ሲደርስ አባባ ተንሸራተተ። ሁለቱን መያዝ አልቻልኩም። እሱን ያዝኩ።

አስከሬኗን በማግስቱ በሽንሌ አቅጣጫ ታች አገኙት። በሥርዓቱ ታጥባ፣ ተሰግዶባት ተቀብራለች። ዕቃው ያኔም ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ያጠቧት ሴቶች ናቸው ያወጡት። አላህ ጀነተል ፊርደውስ ይወፍቃት። አልቅስላት ወንድሜ፤ እኔ እንኳ በቅጡ አላለቀስኩላትም።

ይህ ከሆነ ቆይቷል። አንተ ግን ባለፈው ለፋራህ «እናቴን ትናንት አናገርኳት፤ ለመውሊድ ና ብላኛለች» ብለህ ላክህለት። ስልኳን ጎርፍ ወስዶታል፤ ቁጥሯ ግን ሲደወል ይነሳል። እንዳትመጣ። የሚጠብቁህ ሰሚዎቹ ናቸው። ድምፁ የእሷ ነው፤ ሳሏ እንኳ አልቀረም፣ አልዋሽህም። ይህን ወረቀት ለኢፍራህ አስነብባት፤ ስልክህን መስበር አንተ ካልቻልክ እሷ ትስበረው። ዕቃውን ስለላክህ አልወቅስህም ብዬ ልጽፍ ነበር። በፍቅር እንደላክኸው አውቃለሁ። ልቤ ግን እምቢ አለኝ።

አባባ ከቀብር እንደተመለሰ ስልኬን ወስዶ ቁጥሯን ደወለ። ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ ስለ ጎርፉ ለራሷ ሲያወራላት አገኘሁት። «አይዞህ ተማሜ፣ እግርህን ታጠብክ?» ትለዋለች። ነጥቄ በድንጋይ ቀጠቀጥኩት። «ሁለቴ ቀበርሻት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሳያናግረኝ ኖረ።

ኢፍራህንና ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ፋራህ ሰላም ብሎሃል። እትዬ በለጠችም አላህ ያጽናህ ብለውሃል፤ ናሁሰናይ በደጃቸው ባለፈ ቁጥር ተከትለው ውኃ ያጠጡታል፤ እሱ አያውቃቸውም። የአባባን ሰላምታ ልጽፍልህ አልቻልኩም። አሁን ይህን ስጽፍ መጥቶ ከኋላዬ ቆመና «እናቱ ትነግረው የለ፣ ይኸው እሰማታለሁ፤ አንቺን ምን አደከመሽ?» አለኝ። ዞሬ ጆሮውን በግራም በቀኝም አየሁት። ባዶ ነው።

እህትህ ቱሪያ ተማም
ድሬዳዋ፣ ነሐሴ ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.