አባትሽን ቴፕ ላይ ቀዱት

መካነ ሰላም
ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፷፰ ዓ.ም.

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ለአሰጋሽ፤

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ላሚቱም ወልዳለች። ጽሕፈቱ እንግዳ ከሆነብሽ የእኔ ነው። እስከ ዛሬ እኔ ሳስረዝም አባትሽ እያሳጠረ ይጽፍልሽ ነበር፤ ዘማቾቹ ፊደል ካስቆጠሩኝ ወዲህ ግን የልቤን ራሴ እላለሁ። ቢንጋደድብኝ አትሳቂ፤ ያንቺም አንድ ሰሞን እንዲሁ ነበር።

በኅዳር ከዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ቸኮል የሚባል ልጅ ቴፕ ይዞ መጣ። «ይህን ሙያ የጀመሩት ሽማግሎች ቃላቸው ሳይቀዳ እያለቁ ነው» እያለ የእኛን ጫካ የደንቆሮን ጠባቂዎች ይጠይቃል። አባትሽን ደጅ ላይ ሲያናግረው ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ሁለቱንም ሸፈናቸው፤ ለእኔ የቀረኝ ድምፃቸው ብቻ ነበር።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ ጥበቃውን ማን አስጀመረዎት?»

«ደመወዙማ ኋላ የመጣ ነው። ድኩላ የገደለ፣ ጥድ የቆረጠ ከቤተ ክርስቲያን ይለይ ብለው አለቃ ወልደ ገብርኤል ገዝተውት ነበር። እኔ የጠበቅሁት የሳቸውን ቃል ነው፤ ጠመንጃው ጌጥ ነበር።»

«በረሃቡ ጊዜስ?»

አባትሽ ጥቂት አስሎ፣ «አንዱ ወጥመድ ይዞ መጣ፤ ልጆቹ ከኋላው ናቸው። የራበውን ሰው በግዝት ታስፈራራዋለህ? አብሽር ብዬው አለቃ ዘንድ ሮጥሁ። ‹አውሬው እንደተገዘተ ይቆይ፣ ሳማውንና ሥራሥሩን ግን ይፍቱልን› አልኋቸው። እያለቀሱ ፈቱልን። ሴቶቹ ገብተው ሳማ ሲለቅሙ ድኩላው ቆሞ ያያቸው ነበር። የተረፈ ተረፈ፤ ያልተረፈውን እኔው ቀበርሁ» አለ።

ይህን ለእኛ አንድ ቀን ተናግሮ ያውቃል? ለቴፕ ነገረው! እንዴት እንደተናደድሁበት።

ቸኮል ቀሪውን ሊቀዳ ከጥምቀት በኋላ ተመለሰ። ቀሪውን እኔ ነገርሁት፣ የማውቀውን ያህል። ከዚያ የኅዳሩን ከፈተልኝ። አባትሽ ከቴፑ ውስጥ ሲያስል «እኔን!» ብዬ ተነሣሁ፤ ውኃ ይዤ መሐል ቤት ቆምሁ። የቀይ ቀበሮን ጩኸት አስመስሎ ሲያሰማው ደግሞ ጉሙ ቤት የገባ መሰለኝ፤ ኅዳር ይሁን ጥር ጠፋኝ። እንዲያ እንደሆንሁ ብቀር ደስ ባለኝ።

በሬዲዮ እናሰማዋለን ይላል። መግቢያውንም ራሱ አንብቦ አሰማኝ። ከአባትሽ ስም በፊት አንዲት ቃል አስገብቷል። አውጣት አልሁት። «እማማ ወርቅዬ፣ እውነት እኮ ነው» ቢለኝ፣ «ሬዲዮ ከዘመድ አይቀድምም» አልሁትና እስከ ኪዳነ ምሕረት እንዲያቆየው አስማልሁት። ልጅ ነው፤ መሐላው ቢጠፋውስ? ስለዚህ ሬዲዮ አትክፈቺ። ጓደኞችሽ ከከፈቱም ውጪ። አባትሽን እዚሁ አብረን እንድንሰማው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።

ለኪዳነ ምሕረት ድግስ አለብን፤ ብቅሉን አስጥቻለሁ። አጎትሽ ቢተው እዚያው ስላለ ይዞሽ ይመጣል። በማለዳ ከነባለቤቱ፣ ከነጎረቤቱ ቢያንኳኳብሽ አትደንግጪ፤ ብቻሽን እንዳትሆኚ ያልሁት እኔ ነኝ። እሱ የሚልሽን ስሚው፣ ክንዱንም ያዢ። እኔ እዚህ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

የአለቃ ጸሎት፣ የጫካዋ ማርያም ጥላ ከላይሽ አይራቅ። እህትሽ ንግሥቴ ሰላም ብላሻለች፤ ወንድምሽ ስማቸውም ከነልጆቹ። አባትሽም ሰላም ይልሻል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

እናትሽ ወርቅዬ