ከድድ ሥር ያለው ደወል

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ዛሬ የጽንስ መንጋጋ አየሁ።

ስላይድ በሚሉት መስታወት ላይ የተለጠፈ ስስ ቁራጭ ነው፤ በሮዝና በሐምራዊ ቀለም ተነክሯል። ማይክሮስኮፑን ሳስተካክል ዓይኔ አነባ። አጠገቤ የምትቀመጠው ተማሪ ሕይወት በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች። «ጋሼ፣ መነጽርዎን አውልቀው ይሞክሩት» አለችኝ። አወለቅኩ። ታየ።

ጥርስ መጀመሪያ እምቡጥ ነው፤ ቀጥሎ ቆብ፤ ቀጥሎ ደወል። ለማስታወስ እንዲመች የወጣ ስም ይመስለኝ ነበር። እውነትም ደወል ነው። አፉን ወደ ታች የከፈተ የደብር ደወል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተግባር ፈተና አለ። በየማይክሮስኮፑ እየዞርን ያየነውን እንጽፋለን። ልጆቹ አይፈሩም። እኔ ከአንኮበር ጤና ጣቢያ ነርስነት የጥርስ ሕክምና ልማር ደብረ ብርሃን የመጣሁት ሰውዬ እፈራለሁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሕፃን ሲወለድ ያ ደወል የት እንደሚደርስ አስተማሪያችንን ጠየቅኋት።

«እዚያው ድድ ውስጥ ነው። ጫፉ ጠንክሯል፤ ሌላው ገና ለስላሳ ነው።»

«ሰው ቆፍሮ ቢያወጣውስ?»

አፍዎን ይክፈቱ አለችኝ። በታች፣ በግራ በኩል፣ የውሻ ክራንቻዬ የለም። ተነቅሎ አያውቅም፤ ከመጀመሪያውም አልበቀለም። እንዲሁ ተፈጥሮዬ ነው ብዬ ኖሬያለሁ።

«በሕፃንነትዎ ድድዎን ፈልቅቀው ግግ አውጥተውልዎታል» አለች። ተማሪዎቹ ሊያዩ ተሰበሰቡ። ሕይወት፣ «ጋሼ ራሳቸው ስላይድ ሆኑልን!» አለች። ሳቁ። እኔም አፌን እንደከፈትኩ ሳቅሁ።

ማታ ሳስበው፦ «ግግ ማስወጣት ጎጂ ልማድ ነው» የሚለውን ወረቀት ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ድዱን ሲፈለቅቁት የሚወጣው ነገር ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

አንኮበር ደወልኩ። ታላቅ እኅቴ እትዬ ዘነበች አነሳች። ግግ ወጥቶልኝ እንደሆነ ጠየቅኋት።

«ወጥቶልሃል እንጂ! እግርህን የያዝኩት እኔ ነኝ። ተቅማጥ ሊገድልህ ነበር።»

«ምን ነበር የወጣው?»

«ትል ነዋ። ነጭ ትል። ጥጥ ላይ አድርገው አሳዩን።» ቀጥላም፣ «ብርቱካን ናት የነገረችህ?» አለች።

ምኑን? ብርቱካን ልጇ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በክረምቱ ነው። ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ሕፃኑ ተቅማጥ ይዞታል። ድዱ አብጦ ነጭ ነጭ ይላል። ግግ የምታወጣው ሴትዮ ለሚካኤል ንግሥ ከቆላ ትመጣለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ገብታ ልታወጣለት ነው።

«አንተ የመንግሥት ሰው ነህ ብለን ነው ያልነገርንህ።»

ጡት እንዳይቋረጥ፣ ለምለሙን፣ የተቅማጡን ዱቄት፣ በውኃ በጥብጠው እንዲያጠጡት ነገርኳት።

«ዱቄቱን ጤና ጣቢያ ሰጥተውናል። ተቅማጡን አላቆመውም።»

«ተቅማጥ አያቆምም፤ የወጣውን ውኃ ነው የሚተካው። ወደ ሐኪም መልሱት።»

«ታዲያ አንተ በምን ዳንክ፣ ወንድምዓለም?»

ስልኩን ዘጋች።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ዛሬ የተማርኩት፦ ዋናው ጥርስ ከወተቱ ጥርስ ጎን በቅሎ፣ ተጠግቶት ያድጋል። አንዱን የቆፈረ ሁለተኛውንም ሊነካ ይችላል። የእኔ ክፍተት ገባኝ።

እኅቴ አልዋሸችም። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ትል የሚመስል ነገር በዓይኗ አይታለች። ያየችው የእኔን ጥርስ ነው።

አስተማሪያችንን አስፈቅጄ የደወሉን ፎቶ ለማንሳት ሞከርኩ። ስልኬን ማይክሮስኮፑ ላይ ብደግነው ጥቁር፤ እንደገናም ጥቁር። ሕይወት ስልኩን ቀማችኝ። «ትንፋሽዎን ይያዙ ጋሼ፣ ጠረጴዛውን እያንቀጠቀጡት ነው።» ጥሩ አድርጋ አነሳችው።

ለብርቱካን ላክሁላት። በድምፅም ነገርኳት፦ ትል የሚሉት ይህ ነው፤ ያልበቀለ ጥርስ ነው፤ ልጅሽ አፍ ውስጥ አለ፤ ተቅማጡን እሱ አላመጣውም።

ማየቷን ስልኩ ይነግረኛል። መልስ የለም።

ነገ ከፈተናው በኋላ አንኮበር እሄዳለሁ። እትዬ ስልክ ላይ ያለ ነገር አታምንም፤ ሥዕሉን በትልቁ አሳትሜ እወስድላታለሁ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ሚካኤል

ማተሚያ ቤት ነኝ። ብርዱ እጅ ያደርቃል። ወረፋ አለ። ደብተሬን ከፍቼ ፈተናውን እከልሳለሁ፤ ቆብና ደወል አሁንም ይምታቱብኛል።

ተራዬ ደረሰ። የማተሚያው ልጅ ሥዕሉን አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ጭልፋ ነው ደወል?» አለኝ። ጥርስ ነው አልኩት። አላመነኝም።

ብርቱካን ደወለች። የመኪና ድምፅ አለ።

«አጎቴ፣ ሴትዮዋ ዛሬውኑ መጣች። ቤት ተቀምጣ ጠላ ትጠጣለች።»

«አንቺስ የት ነሽ?»

«ደብረ ብርሃን ልንገባ ነው። እማዬ ጸበል የወሰድኩት መስሏታል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፎቶውን ሌሊቱን ሳየው አደርኩ። ከዚያ ጣቴን አፉ ውስጥ ከትቼ ዳበስኩት። አለ አጎቴ። እብጥ ብሎ አለ።»

«ይጠባል?»

«ጠዋት ጠብቶ ነበር። አሁን አልይዝ አለኝ። ዓይኑ ጎድጉዷል።»

«ለምለሙን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«በማንኪያ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ስጪው። አታቋርጪ። መናኸሪያ በሩ ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።»

ፈተናው ላይ ከደረስኩ ደረስኩ።

ይህን ቆሜ ነው የምጽፈው። ወረቀቱ ከማሽኑ እየወጣ ነው፤ ደወሉ እስከ ወገቡ ታይቷል። ልጁ «አንድ ደቂቃ ይጠብቁኝ እንጂ ጋሼ» ይላል። ለእትዬ አስቀምጥልኝ አልኩት። እትዬ ማን እንደሆነች አያውቅም።

ወጣሁ።