ከሃምሳ እስከ አርባ

ውድ ሚስተር ካሚንስኪ፣

ልጅዎ ቴሬሳ አድራሻዎን ስትሰጠኝ «መልስ አትጠብቂ፤ አባዬ ሰው ማናገር ትቷል» ብላኛለች። እኔ ደግሞ፣ እንደሚያውቁኝ፣ ያልገባኝ ነገር ካለ አላርፍም።

ጡረታ ከወጡ በኋላም በየማለዳው እኔ የምነዳው አውቶቡስ ላይ ወጥተው ከጀርባዬ ይቀመጡ ነበር፤ መሃል ቺካጎ ያለውን፣ አክሲዮን የመሸጥና የመግዛት መብት ሲያሻሽጡ ሠላሳ ዓመት የጮሁበትን ሕንፃ ለማየት ብቻ። አባቴ ይሠራበት ከነበረው ትራክተር ፋብሪካ ያወረሰኝን አራት መቶ አክሲዮን ያነሳሁልዎት በሚያዝያ ነው፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ። አንዱ ሃምሳ ሁለት ዶላር ያወጣ ነበር። ይወርዳል ብዬ እፈራ ነበር፤ የአባቴ ነውና መሸጡም አልሆንልኝ ብሎ ነበር። የልጄ የኮሌት የነርስነት ትምህርት ክፍያ ደግሞ መስከረም ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

«እስከ ነሐሴ መጨረሻ በሃምሳ የመሸጥ መብት ግዢ» አሉኝ። «ዋጋው የትም ቢወርድ በሃምሳ ይቀበሉሻል።»

«ስንት ነው?»

«ለአንዱ አክሲዮን ሦስት ዶላር።»

«ኧረ ውድ ነው!»

«እንግዲያው አንቺም ለሌላ ሰው የእሱን አክሲዮን በአርባ ላንቺ የመሸጥ መብት ሽጪለት። ከሦስቱ አንድ ዶላሩን ታስመልሻለሽ።»

«ከአርባ በታች ቢወርድስ?»

«ያንን ራስሽ ትችይዋለሽ። አንቺ ሴትዮ፣ ሰማይ ሲደፋ የሚከፍል መድን የት አይተሻል?»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ነሐሴ ሲያልቅ አክሲዮኑ ሠላሳ አራት ገባ። ለእያንዳንዱ አክሲዮን ከሃምሳ እስከ አርባ ያለው አሥር ዶላር ተከፈለኝ፤ ወጪዬ ተቀንሶ በጠቅላላው ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። የቀረውን ጉዳት ቻልኩት። ኮሌትም ተመዘገበች።

ላመሰግንዎት ብጠብቅ አልመጡም። በሁለተኛው ሳምንት ቤትዎ ስሄድ ቴሬሳ ዕቃ ታሽግ ነበር።

«አልሰማሽም?» አለችኝ። «በዚያው በትራክተሩ አክሲዮን የታችኛውን፣ የአርባውን መብት ለሰው በገፍ ሸጠ። መከላከያ የሚሆነውን የላይኛውን፣ የሃምሳውን ግን አልገዛም። ዋጋው ሲወርድ ሁሉም በአርባ ግዛን አሉት፤ ቤቱ ለዕዳው ተሸጠ። እሱም ከቺካጎ ወጥቶ ቱሰን ከተማ ገብቷል።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የዚያን አክሲዮን ስም የሰሙት ከእኔ አፍ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አልወቅስዎትም፤ ማወቅ ነው የምፈልገው። ለእኔ ሲሆን ሳንቲም እየቆጠሩ ያጠሩልኝን አጥር፣ ለራስዎ ሲሆን ምን አስተውዎት? የድሮው ጩኸት ናፍቆዎት ነው? ወይስ ሠላሳ ዓመት ያወቁት ነገር አይጎዳኝም ብለው ነው?

ይጻፉልኝ። ከመለሱልኝ ለገና ከኮሌት ጋር ቱሰን እመጣለሁ። ካልመለሱልኝም እመጣለሁ።

ሎሬይን፣ ሾፌርዎ