ዘነቡ በቤተ መጻሕፍቱ ሙሾ ልታስተምር ነው

ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡30

ዛሬም የሳልነው እንስራ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ የሥዕል አስተማሪ ሙሉቀን፣ እንስራ በደንብ ሳንስል ወደ ሰው ፊት አንሻገርም ይላል። እንስራ ተሸክሜ ያደግሁት ሴትዮ ሆዱን አጥብበሽዋል ተባልኩ! ደግሞ «ማዘር» ይለኛል። ከባሕር ዳር የመጣ ሁሉ ማዘር ነው የሚለን። ግን ደብተሬ፣ ላንቺ ምን እደብቃለሁ፤ ከቤት የምወጣው ለዚህ ብቻ ነው። ቀለሙ በነጻ፣ ወረቀቱ በነጻ፣ ባሌ እንዴት እንደሞተ የሚጠይቀኝ የለም።

ልወጣ ስል በሩ ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ወ/ሮ ዘነቡን! አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ዓይኗን ተኩላ። ሙሉቀን እየፈነደቀ አስተዋወቀን። ማንን ከማን ጋር! ከሐሙስ ጀምሮ ለአዋቂዎች ሙሾ ልታስተምር ነው። በነጻ። እዚያው እኛ ክፍል፣ ከሥዕሉ ቀጥሎ።

እጇን ዘረጋች። ቀለም ነክቶኛል ብዬ አልጨበጥኳትም። ምንም አልነካኝም ነበር።

ያው ማክሰኞ፣ ሲመሻሽ

ሳልጽፈው አላድርም። ዘነቡ የፍኖተ ሰላም አልቃሽ ናት፤ ከቡሬ ድረስ ይጠሯታል። ባሌ ተገኘ የተቀበረ ቀን ለቀስተኛው መሀል ቆማ ይቺን አወረደች፦

ተጠምቶ አለፈ ወይ ጋሼ ተገኘ፣
ማሰሮው ሞልቶለት ውሃ እየተመኘ።

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። እስከ ጂጋ ተወራ፤ አበራሽ ባሏን ውሃ ከለከለችው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም።

ሐሙስ

ሥዕሉ አለቀ። እኔ ግን ቡሩሽ ማጠብ ረዘመብኝ። (ጉዷን ላይ ነዋ!) ክፍሉ ጢም አለ፤ እህል ነጋዴው፣ ጡረተኛው መምህር፣ ለጉዳይ ከገጠር የገባው ሳይቀር። ሙሉቀን፣ እትዬ ዘነቡ ይጀምሩ አላት። ለማን? አለች። ለማንም፣ ልምምድ ነው አላት። ዓይኗ ፈጠጠ። ሬሳ በሌለበት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው አለ? አለ! ልጁ ሳቅ ብሎ «ችግር የለውም፣ በእኔ ስም ያውርዱ» አይልም?!

ክፍሉ በሙሉ አማተበ። አንድ ገበሬ ዱላውን አንሥቶ ውልቅ። ዘነቡ «አንተ ልጅ፣ እናት የለህም?» ብላ ጮኸችበት። ወዲያው ወንበሩ ሁሉ ባዶ። በሆዴ ሳቅሁ። በሁለቱም ነው የሳቅሁት።

ቅዳሜ

ሳቄ አልበረከተም። ከገበያ ስመለስ ሙሉቀን ደጄ ላይ ቆሟል፤ አስገባሁት። ሰው ካልመጣ ክፍሉ የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል ብሎታል አለቃው። ሥዕሉም አብሮ ሊቀር ነው። ግን መላ ተገኝቷል አለኝ፤ ዘነቡ በእውነት የሞተ፣ አገር የሚያውቀው ሰው ይሁንልኝ ብላለች። ማንን መረጠች? ተገኘን! ቤተሰብ ከፈቀደ። ያችኑ ግጥም ለምሳሌ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሊያስተምሩባት!

«ማዘር፣ በጣም ጠንካራ ግጥም ናት እኮ» ይለኛል።

ውጣልኝ አልኩት። ጫማውን ሳያስር ሄደ። ከሄደ በኋላ ቡሩሼን አየሁት። ሥዕሉም ሊቀር? ለእሷ ብዬ?

እሑድ

ከቅዳሴ ስወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ ፊት ለፊት ገጠምን። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፤ አፌ ቀደመኝ።

«ከሞተ በኋላ እንኳ አትተዪውም?»

«ያየሁትን ነው ያልኩት አበራሽ። ሆስፒታል ልጠይቀው መጥቼ ውሃ ሲለምንሽ ሰምቻለሁ። የውሃውን ጆግ ከአልጋ ሥር ስትደብቂም አይቻለሁ።»

«ሐኪሙ ያለኝን ግን አልሰማሽም።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«ባሌን ልቅበር ወይስ ካንቺ ጋር ልከራከር?»

ሰው ከቦናል። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። እባብ!

ሐኪሙ ያለውን ላንቺ ልጻፈው። ነገ ቀዶ ጥገና አለበት፣ ጠብታ ውሃ እንዳይቀምስ አለኝ። ተገኘ ይለምነኛል። አበራሽ፣ ከንፈሬን ብቻ አርጥቢልኝ ይላል። ጆጉን እያየ እንዳይሠቃይ ደበቅሁት። ነገው ሳይነጋለት ቀረ። ዘነቡ ግማሹን አይታ ሙሉውን ገጠመችው።

ማክሰኞ

እንስራ ሳሉ ተባልን። ጆግ ሳልኩ። እጀታው የተሰነጠቀ፣ የሆስፒታሉን። ሙሉቀን ረጅም ጊዜ አየው፤ ማዘር ማለቱን ረሳና እትዬ አበራሽ አለኝ። እንደፈቀድኩ ነገርኩት። ዘሎ ሊስመኝ! ቆይ አልኩት። ሐዘንተኛ በለቅሶው መሀል ተነሥቶ መልስ ማውረድ ወግ ነው። እሷ ስትጨርስ እኔ እነሣለሁ። የእሷ ግጥም ሰሌዳ ላይ ከወጣ የእኔም ከሥሩ ይጻፋል። ያለዚያ ተገኘን አልሰጥም።

ዘነቡ ይህን ስትሰማ «አበራሽ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ገጣሚ?» ብላ ሳቀች አሉ። ትሳቅ።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ስጽፍ ስሰርዝ ዋልኩ። ምሳ የለ፣ ምን የለ። አሁን መጣችልኝ፦

ውሃውን ከአልጋ ሥር በእጄ ሸሽጌ፣
በጥም ያሳደርኩህ ነገህን ፈልጌ።

ዘነቡ ከዚህ የምትበልጥ ካላት ታምጣ። አልታረቃትም። ሽማግሌ ብትልክም አልሰማም። ይህ የእርቅ ጉዳይ አይደለም፤ አገሩ የሰማውን ግማሽ ሙሉ ላደርገው ነው። ነገ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፣ ነጠላዬን እንደ ቀብሩ ቀን ዘቅዝቄ። ድምፄ ቢቆረጥ እንኳ ቆሜ ነው የሚቆረጠው። «ተጠምቶ» ብላ ስትጀምር ዓይን ዓይኗን ነው የማያት፤ ስትጨርስ ደግሞ እነሣና የእኔን አወርዳለሁ።