አረንጓዴው ባንዲራ በማይውለበለብበት ቀን

ለክቡር ሚስተር ዳግላስ ፔንሮዝ
የጠረፍ ወረዳ የአየር ጥራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዲበዛ፣ በተለይም ሳንባዎ እንደ ቢሮዎ መስኮት ሰፊና ንጹሕ ሆኖ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ። እኔ በብራንት ቤይ ከትምህርት ቤቱ በታች የምኖር፣ በዓሣ ማሸጊያው ቤት የምሠራ ሴት ነኝ። ባለፈው ኅዳር የሞተው የቶቢ እናት ነኝ። ብዙ ስላልተማርኩ ይህን የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው፤ ብርዱ ግን እኔን አይጠብቅምና ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. የአየር መለኪያውን መሣሪያ ለመርከቦች ከሚያበራው የመብራት ማማ አጠገብ፣ ወደ ባሕሩ በወጣው ገደል ጫፍ ላይ ስላስተከሉልን አመሰግናለሁ። እዚያ ነፋሱ ቆብ በራስ ላይ አያስቀምጥም። ከባሕር የሚመጣው አየር የማንንም ጭስ ስለማያውቅ መሣሪያው ዓመቱን ሙሉ «ንጹሕ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። የሰፈሩ ነዋሪዎች የሆኑት የባሕር ወፎችም እስካሁን አቤቱታ እንዳላቀረቡ ሰምቻለሁ።

2ኛ. እኛ ሰዎቹ የምንኖረው ግን ከታች፣ በሦስት በኩል ተራራ በከበበው ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በሞቃቱ ወራት የባሕሩ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ይገባና ጭሱን ጠራርጎ ያስወጣልናል። ከጥቅምት ወዲያ ነፋሱ የሚቆምባቸው ቀኖች ይመጣሉ። የቀዘቀዘው አየር ከተራራው ወርዶ ቤታችን ላይ ይተኛል፤ ሞቃቱ ከላይ እንደ ድስት ክዳን ይገጥምበታል፤ የእኛ የእንጨት ምድጃ ጭስና የእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ የሚያቃጥለው ቅርፊት ጭስ አብረው ታፍነው ይውላሉ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ጎረቤቶቼ «እንዴት ደስ የሚል ጠዋት ነው!» ሲባባሉ እኔ መስኮቴን እዘጋለሁ።

3ኛ. ትምህርት ቤቱ ከመሥሪያ ቤትዎ በሚደርሰው ቁጥር መሠረት በየጠዋቱ ባንዲራ ይሰቅላል። አረንጓዴ ከሆነ ልጆች ሜዳ ወጥተው ይሮጣሉ፤ ቀይ ከሆነ ውስጥ ይውላሉ። ቶቢ በሞተበት ቀን አረንጓዴ ነበር። ሁላችንም አይተነዋል። ልብ ያላልነው፣ ባንዲራው እንደ እርጥብ ጨርቅ ከምሰሶው ጋር ተጣብቆ መንጠልጠሉን ነው። ነፋስ እንደሌለ ጨርቁ ራሱ እየነገረን እኛ ቀለሙን እናይ ነበር። ልጄ ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርስ ወደቀ። የአስም መድኃኒት መንፊያው ቦርሳው ውስጥ፣ ቦርሳው ክፍሉ ውስጥ ነበር። ያን ቀን ያስሮጣቸው አሠልጣኝ ደግ ሰው ነው፤ እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይሻገራል።

4ኛ. በሚያዝያው ስብሰባ ላሳዩን ትዕግሥት ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ዓሣ አጥማጁ ሬይ ኦካ ተነሥቶ፣ «ጌታው፣ መሣሪያውን እኮ ለሽርሽር ልካችሁታል! እስቲ ወደ እኛ ጓዳ አውርዱትና ሲያስል እንስማው» ሲል አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ እርስዎም አብረው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እመቤቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ቁጥሩ ግን ጥሩ ነው» አሉኝ። ቁጥሩ ደኅና መሆኑን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። እኔ የጠየቅሁት ስለ ልጆቹ ነበር።

አምስተኛውን እንደ ቅሬታ ልጽፈው አልቻልኩም። ሴት ልጄ ኤልሲ ሰባት ዓመቷ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ታስላለች፤ እኔ እንዳልሰማ ትራስ አፏ ላይ ይዛ ታስላለች። የአጥሩ በር በነፋስ ሲንቋቋ እፎይ ብዬ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ዝም ሲል የያዝኩትን ጥዬ ትንፋሿን ላዳምጥ እሮጣለሁ። ትናንት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆም ብላ ወደ ባንዲራው ቀና ብላ አየችና፣ «እማ፣ ዛሬ ይወዛወዛል፤ ልሩጥ?» አለችኝ። እጇን ይዤ እስከ ክፍሏ ድረስ አስገባኋት።

ስለዚህ ብርዱ ሳይገባ አንድ መለኪያ በትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲያስተክሉ፣ ነፋስ በሌለባቸው ቀኖችም ፋብሪካው ቅርፊት እንዳያቃጥል እንዲያዝዙልን እለምናለሁ። ይህን የምለው ለአሽሙር አይደለም። ፈርቻለሁ፣ ጌታዬ። እያንዳንዱ ብሩህ ጠዋት ያስፈራኛል።

ንጹሕ ተብሎ የተመሰከረለትን አየር ከመተንፈስ በቀር ሌላ ምርጫ የሌለኝ፣ አክባሪዎ፣

ቬርና ሳልመላ
የቶቢ እናት፤ የኤልሲም እናት ሆና መቆየት የምትፈልግ

ማስታወሻ፦ ነፋስ በሌለበት ቀን መጥተው ሁኔታችንን በዓይንዎ እንዲያዩ በአክብሮት እጋብዝዎታለሁ። ስለ ማደሪያ አያስቡ። ኤልሲን ወደ እኔ ክፍል ካመጣኋት ወዲህ የልጆቹ ክፍል ባዶ ነው፤ የቶቢ አልጋ ተነጥፏል። እኔ ከግድግዳው ባሻገር ነኝ፤ ማሳል ሲጀምሩ እሰማዎታለሁ። ለምጄዋለሁ።