በሦስት አሜን ስለጸደቀው የቦታ ሽንሸና ደንብ

ቁጥር፦ መዝገብ ቤቱ «ለግለሰብ ደብዳቤ ቁጥር አንሰጥም» ስላለኝ የለውም
ቀን፦ ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፩ ዓ.ም.

ለወይራ አምባ ከተማ የቦታ ሽንሸና ደንብ ማሻሻያና የሕዝብ ተሳትፎ ኮሚቴ
ለክቡር ሰብሳቢው
ካሉበት

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፤

የሰኔ ጾም እንዴት ይዞዎታል? ስብሰባ የበዛበት ጉሮሮዎ ከመድረቅ፣ ጭብጨባ የበዛበት ጆሮዎም ከመደንቆር ተጠብቆ እንደከረመ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ አቧራውን ሁሉ ለሚያሳልፍልዎ ሾፌርዎም ጤና እመኛለሁ። እኔ የዚህችው ከተማ ነዋሪ መሪጌታ ገብረመስቀል አረጋ ነኝ። ከሦስት ወር በፊት በቀበሌው አዳራሽ የተደረገው ሕዝባዊ ውይይት ሲያበቃ ተነሥቶ የመረቀው ባለ ጥምጣም ሽማግሌ እኔ ነበርሁ፤ እርስዎ ባያስታውሱኝ ቃለ ጉባኤዎ ያስታውሰኛል። ያ ምርቃቴ ደንብ ሆኖ እህቴን ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስን ከቤቷ ሊያስወጣት፣ ቤቷንም በእኔ ስም ሊያዞረው መሆኑን ስላወቅሁ፣ አፌን ከእንግዲህ ማመን ቢያቅተኝ በእጄ ልጽፍልዎ ደፈርሁ።

ደብዳቤው በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቢያዩት አይቀየሙኝ። በእጅዎ ላቀብልዎ ሦስት ቀን ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ቀን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብያለሁ፤ ወፍጮ ቤቱ ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ ሰውም ተራውን ሲጠብቅ ያነባል።

ለተደረገልን በጎ ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በየተራው አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ጥሪው። «ሕዝብ ያልመከረበት ደንብ ደንብ አይደለም» በሚለው የተከበረ አቋምዎ መሠረት ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ዞራልናለች። መኪናይቱ «ነገ አዳራሽ ያልተገኘ ሰው ኋላ ስሜ ተዘለለ እንዳይል!» እያለች ስለዞረች፣ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደነበረ የሚያውቀው ሕዝብ የሚነበበው የእርዳታ እህል ስም ዝርዝር መሰለው። ሙጃ ገበያ የሄደው ሳይቀር ከመንገድ ተመልሶ መጣ። በሪፖርትዎ ላይ «412 የኅብረተሰብ ክፍሎች በነቂስ ወጥተው ተሳትፈዋል» ተብሎ ሳነብ ኮርቻለሁ፤ ቅር ያለኝ ሰው ሁሉ በብብቱ ይዞት የመጣው ባዶ ጆንያ አብሮ ስላልተቆጠረ ብቻ ነው።

፪ኛ/ ስለ ማብራሪያው። ከሩቅ የመጡት ባለሙያ ካርታውን በግድግዳ ላይ በብርሃን ሊያሳዩን ተዘጋጅተው ሳሉ መብራት ሄደ። ሰውየው ግን ጨዋ ናቸውና ተስፋ ሳይቆርጡ ከተማችንን በሁለት እጃቸው አየር ላይ ሣሉልን፤ የእኔ ሰፈር ከግራ ክርናቸው አጠገብ እንደነበረ አስታውሳለሁ። ከዚያ ስለ ፓርሴል፣ ስለ ሴትባክ፣ ስለ ስታንዳርድ ሃያ ደቂቃ አስረዱን። ግንበኛው ፈንታው፣ ለከተማው ግማሽ ቤት የመሠረት ድንጋይ የጣለ ሰው፣ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ ይኼ ነገር ግዕዝ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም አልሁት። እንግዲያው እርስዎም እንደኛ ነዎት አለኝ።

፫ኛ/ ስለ ግብዓት። ይህን ቃል ስላስተማሩን ውለታዎን አንረሳም። ከመንገዱ ዳር ሱቅ ያላት ወይዘሮ ጀውሀራ ተነሥታ፣ ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ሂጂ ከተባልሁ ከሱቄ ጀርባ ያለው ገደል ነው፣ እቃዬን ማን ሊያወጣልኝ ነው ብላ ስትጠይቅ «ጥሩ ግብዓት ነው» አሏት። እህል ነጋዴው አቶ ሀሰን፣ አባት ሲሞት ልጆች የሚካፈሉት ከእንግዲህ መሬቱን ነው ወይስ ደንቡን ብሎ ሲጠይቅ «ይህም እንደ ግብዓት ይወሰዳል» አሉት። እኔም ተነሥቼ፣ ደንቡ ከሁለት መቶ ካሬ በታች ካርታ የለውም የሚል ከሆነ፣ ከአባታችን ቦታ ለእኔ መቶ ሰማንያ፣ ለእህቴ መቶ ስድሳ ካሬ ነውና የደረሰን ምን ልንሆን ነው ብዬ ጠየቅሁ። «መሪጌታ ያነሡት እጅግ ጠቃሚ ግብዓት ነው» ብለው አጎንብሰው ጻፉ። ዓይኔ ገና አልደከመምና የእስክሪብቶዎ ክዳን እንዳልተከፈተ አይቻለሁ፤ ቀለም መቆጠብዎ ይሆናል ብዬ በበጎ ተረጎምሁት።

፬ኛ/ ስለ ምርቃቱ። ክቡር ሆይ፣ በእኛ አገር ሰው ተሰብስቦ ሳይመረቅ አይበተንም። ለቅሶም ይሁን፣ ደም ማድረቂያም ይሁን፣ ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ሲጨቃጨቁ ውለው ያልታረቁም ይሁን፣ ሽማግሌ «መርቅ» ከተባለ ይመርቃል። የሚመርቀው ነገሩ ስላማረው አይደለም፤ ሰው በሰላም ቤቱ እንዲገባ ነው። እርስዎም ኮፍያዎን አውልቀው «መሪጌታ፣ በምርቃት ይዝጉልን» ሲሉኝ፣ ጨዋ ሰው አሳድጎታል ብዬ ደስ እያለኝ ተነሣሁ። ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ አልሁ፤ ሕዝቡ አሜን አለ። የጀመራችሁትን ለፍጻሜ ያብቃችሁ አልሁ፤ አሜን አለ። እጃችሁ የነካውን ይባርክ ስል፣ ሰዓቱ ዘጠኝ አልፎ ነበርና ከሁሉ አስበልጦ አሜን አለ። አቶ ሀሰንም እንደ ኖርንበት ልማድ ከኋላ ሆኖ አሚን አለ።

ከወር በኋላ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የወጣው ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፦ «ረቂቁ በአገር ሽማግሌው በመሪጌታ ገብረመስቀል አረጋ ደጋፊነት ለውሳኔ ቀርቦ፣ የሁሉም እምነት ተከታዮች በተገኙበት፣ በሦስት ዙር ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተአቅቦ ጸድቋል።» ጸሐፊው እውነት ጽፈዋል፤ እኔ ስልሳ ስምንት ዓመት ስኖር በአሜን ላይ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ ሰው አላየሁም። ምነው ግን፣ ምነው አንድ ሰው እጅጌዬን ጎተት አድርጎ ይኼ ምርቃት ሳይሆን ድምፅ መስጫ ነው ቢለኝ! ጉንፋን ይዞኛል ብዬ እቀመጥ ነበር።

፭ኛ/ ስለ እህቴ። አባታችን በሞቱ በዓመቱ ሽማግሌዎች ገመድ ይዘው ግቢውን አካፈሉን፣ ዕጣም ጣሉልን። እኔ አሮጌው ቤት ደረሰኝ፤ ለእሷ ባዶው ቦታ ደረሳት። እሷና ነፍሱን ይማረውና ባሏ ደሳለ ሦስት በጋ ሙሉ ድንጋይ በጀርባቸው እያመላለሱ፣ እንደ ላስታ ወግ ክብ ባለ ደርብ ቤት ሠሩበት። ባሏ ክዳኑ ሳያልቅ ሞተ፤ ክዳኑን እሷ ጨረሰችው። ዛሬ በታችኛው ክፍል ድፎ እየጋገረች ወደ ላሊበላና ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ለሚያልፉ ተሳላሚዎች፣ ከጋሸና ለሚመጡ የመኪና ረዳቶች ትሸጣለች፤ በላይኛው ትተኛለች። አሥራ ሦስት ዓመት ስንኖር በመሃላችን አጥር አላቆምንም።

የደንብዎ አንቀጽ አሥራ አራት ግን ከሁለት መቶ ካሬ በታች የሆነ ይዞታ «ከሚዋሰነው ሰፊ ይዞታ ጋር ይጠቃለላል» ይላል። የእኔም ከሁለት መቶ በታች ነው። ነገር ግን ከእሷ ሃያ ካሬ ስለምበልጥ ባለ ሰፊ ይዞታ ተባልሁ፤ በዕድሜዬ ሰፊ ስባል ይህ የመጀመሪያዬ ነውና ለማዕረጉ አመሰግናለሁ። ለእህቴ ምትክ ቦታ ተሰጥቷታል። ምትኩ ያለው በማስፋፊያው ሳይት፣ ዝንጀሮ እንኳ ወገቡን ይዞ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው፤ ውኃ የለውም፣ መንገደኛ አያልፍበትም፣ ድፎውን ለማን እንደምትሸጥ ባለሙያው በእጃቸው ሊሥሉላት ይችሉ ይሆናል።

ሰፈሩ ምን እንደሚል ቢሰሙ! «መሪጌታ የእህቱን ቤት መርቆ ወሰደው» ይላል። ባለፈው ሰንበቴ ላይ ልመርቅ ስነሣ፣ ሰዎቹ አሜን ከማለታቸው በፊት የሚጽፍ ሰው አለ እንዴ ብለው ዙሪያውን ሲቃኙ አየኋቸው። ክቡር ሆይ፣ እንዲህ ያለ ውርደት በዕድሜዬ ደርሶብኝ አያውቅም።

፮ኛ/ ስለ ማረሚያው። ዝም ብዬ አልተቀመጥሁም። አልፈልግም፣ የእህቴን ለእህቴ ተዉላት ብዬ ማመልከቻ ባስገባ፣ «ደንቡ የመቀበያ ቅጽ እንጂ የእምቢታ ቅጽ የለውም» ተባልሁ። እንግዲያው ካርታው በሁለታችን ስም ይሁን ስል፣ የመስኮቷ ሠራተኛ አለሜ፣ ያች ደግ ልጅ፣ ቅጹን አውጥታ አሳየችኝ፤ ሁለት ፎቶግራፍ የሚለጠፍበት ቦታ አለው፣ አንዱ የባል አንዱ የሚስት ነው። እናንተ ደግሞ ወንድምና እህት ናችሁ፣ ይቅር ይበለን አባቴ፣ አለችኝ። ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ።

ይግባኝ ብል፣ የይግባኝ ጊዜው ከስብሰባው ቀን ጀምሮ አሥራ አምስት ቀን ነው፤ ቃለ ጉባኤው የተለጠፈው በሠላሳኛው ቀን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው። ቃለ ጉባኤው ይታረም ብል፣ በሕዝብ የጸደቀ የሚታረመው በሕዝብ ነው፣ ስብሰባው ደግሞ የሚጠራው በሚቀጥለው በጀት ዓመት ነው አሉኝ። ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ምርቃቴን ላነሣው እችል እንደሆነ ጠየቅሁ። እሳቸውም አዝነው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ፣ ምርቃት ይሰጣል እንጂ አይነሣም አሉኝ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ የገዛ ምርቃቴን የት እንደምከስ ግን ማንም አላስተማረኝም።

፯ኛ/ ሰባተኛም ነበረኝ። የአስተያየት መስጫ ቅጻችሁ ስድስት መስመር ብቻ ስላለው ሥርዓት ላለማፍረስ ተውሁት።

እንግዲህ ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ እስካሁን እንደ ደብተራ አሹፌ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ አሁን እንደ ሰው ልንገርዎ። አቅም የለኝም። ዘመድ ቢሮ ውስጥ የለኝም፣ ጠበቃ የማቆምበት የለኝም፣ ጉልበቴም እስከ ዞኑ ድረስ አያደርሰኝም። የነበረኝ አንድ ነገር ሰው የሚያምነው አፍ ነበር፤ እሱንም በሦስት ዙር ወሰዳችሁት። እህቴ በየጠዋቱ ድፎውን ጋግራ ስታበቃ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ያንን የድንጋይ ግድግዳ ታያለች። ምን ታያለሽ ብላት፣ የደሳለን ድንጋይ ከእኔ ድንጋይ እየለየሁ ነው፣ ሲያወጡኝ የቱን ይዤ እንደምሄድ ላውቅ ብዬ ነው አለችኝ። እኔ ምን ብዬ ልመልስላት? ምክር ካለዎት በግብዓትነት እቀበላለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ደንቡን መሻር ባይቻልዎ፣ ካርታውን ያዘግዩት። ወረቀት ማዘግየት ለቢሮዎ የሚከብድ እንዳልሆነ ሁላችንም በየግላችን ምስክር ነን፤ ለሌላው ሁሉ የምታደርጉትን ለእኔም አታጓድሉብኝ።

ሥራዎን ስለማከብር፣ ጊዜዎንም ስለማውቅ፣ እስከዚህ ድረስ ካነበቡ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ካላነበቡም ስለ ልማድዎ እያመሰገንሁ፣ ጥምጣሜን ዝቅ አድርጌ እሰናበትዎታለሁ። እንደ ወትሮው በምርቃት ልዘጋ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ስለማላውቅ በዝምታ ዘግቻለሁ።

ያለ ተቃውሞ አክባሪዎ፣
መሪጌታ ገብረመስቀል አረጋ
የመቶ ሰማንያ ካሬ ባለ ሰፊ ይዞታ

ግልባጭ፦
ለአስተያየት መስጫ ሳጥኑ (ቁልፉ በተገኘ ጊዜ)
ለወፍጮ ቤቱ ግድግዳ
ለወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ አረጋ፣ እጅ በእጅ፤ አልቀበልም ብላለች

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው ካርታው ደረሰኝ። ሁለት ሠራተኞች ቤቴ ድረስ አምጥተው፣ ማኅተሙ ገና ሳይደርቅ፣ አስፈርመው ሰጡኝ፤ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በከተማችን ታይቶ አይታወቅምና ደስ ይበልዎ። የእህቴ ክብ ቤት በእኔ ስም በወጣው ካርታ ውስጥ በትንሽ ክብ ተሥሏል። ዛሬ ጠዋት እሷ ከወፍጮ ስትመለስ፣ ተወልዳ ያደገችበት የግቢያችን በር ላይ ስትደርስ ዱቄቷን አውርዳ ቆመች፤ ሳትገባም ከውጭ ሆና እንደ እንግዳ «ቤቶች!» ብላ ተጣራች። ቤቶች ላለ ሰው ግባ ይባላል። እኔ ግን ከውስጥ ሆኜ ሰምቻት ግቢ ልላት አልቻልሁም፤ ሰው ወደ ገዛ ቤቱ እንዴት ተብሎ ግቢ ይባላል?