«ድምፁ ይቀነስ» ሲሉ የኖሩት የጋሽ ሽቦ ታሪክ

ሰፈሩ «ጋሽ ሽቦ»፣ እኛ ታናናሾቻቸው ደግሞ «ወንድም ጋሼ» የምንላቸው የድምፅ ማጉያ ጠጋኝ፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በየካቲት ወር 1951 ዓ.ም. ከገበያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ።

በስምንት ዓመታቸው የአባታችንን ሬዲዮ ፈታትተው መልሰው ሲገጥሙት አንዲት ብሎን ተረፈቻቸው። ሬዲዮው ግን ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሎ ተናገረ። አባታችን ለግርፊያ የፈቱትን ቀበቶ መልሰው ታጠቁ፤ ብሎኗንም እስኪሞቱ ድረስ ከመርፌዎቻቸው ጋር አኖሯት።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ ሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ ሙያ ሠልጥነው፣ በ1970 ዓ.ም. በአንድ የሬዲዮ መጠገኛ ተቀጠሩ። በ1977 ዓ.ም. የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። በ1981 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ፤ ሁለት ሰው ከገባበት አንዱ መውጣት ያለበት ሱቅ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ላይ የመጀመሪያውን ድምፅ ማጉያ የሰቀሉት እርሳቸው ናቸው። ያን ቀን ከመሰላሉ ሲወርዱ ያየሁባቸውን ደስታ በሠርጋቸውም ቀን አላየሁባቸውም። ወዲያው ከመንገዱ ማዶ ያለው መስጊድ ጠራቸው፤ ሰቀሉ። ከታች ያለው ጸሎት ቤትም ጠራቸው፤ ሰቀሉ። ከዚያ ሁሉም በየተራ እየመጣ «ጋሽ ሽቦ፣ የእኛ ከእነሱ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ከፍ ይበልልን» ይላቸው ጀመር። እርሳቸውም እሺ ይሉ ነበር። ትንሽ በትንሽ ላይ ሲጨመር ሰፈሩ በሽተኛ የማይተኛበት ሰፈር ሆነ። ይህን ደብቄ ባልፍ ይቆጡኛል፤ «ይሄን ጩኸት ያመጣሁት እኔው ነኝ» የሚሉት ራሳቸው ነበሩና።

በ2005 ዓ.ም. ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው፣ ሙስሊሟ አትክልት ሻጭ፣ በጭንቅላት ሕመም አልጋ ላይ ዋሉ። ሐኪም ጸጥታ አዘዘላቸው። ወንድም ጋሼ ያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ። ሦስቱንም ቤት ዞረው ለመኑ። ሦስቱም የተማከሩ ይመስል አንድ መልስ ሰጧቸው፦ «መጀመሪያ እነሱ ይቀንሱ።»

በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ «ባልንጀራህን ውደድ እያልን ስንጮህ ባልንጀራችንን ከእንቅልፏ ቀሰቀስናት» ብለው ተናገሩ። የሳቀ ነበር፤ የሰማ አልነበረም። በማግስቱ የማጉያውን ማሽን ከፍተው፣ የድምፁ መጨመሪያ ከሲሶ እንዳያልፍ ከውስጥ ትንሽ ማገጃ ብረት አደረጉበት። «አንዱ መጀመር አለበት፤ የእኛ ይጀምር» ነው ያሉት። ሦስት ሳምንት ማንም አላወቀም፤ ስብከቱም ለአንድም ሰው አልጎደለበትም። በአራተኛው ሳምንት ታወቀ። «ለእነዚያ ተሸጠ» ተባሉ፤ ከሽምግልናው ወረዱ፤ ብረቷም ተነቀለች። የመስጊዱ ሰዎች «የእርስዎ ዓይነት ክርስቲያን ከየት ይገኛል!» ብለው አመሰገኗቸው፤ የራሳቸውን ግን አልቀነሱም። ጸሎት ቤቱም እንደዚያው። አትክልት ሻጯ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ጩኸት ውስጥ አረፉ። ወንድም ጋሼ ቀብራቸው ላይ መቆማቸውም ሁለተኛ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረባቸው።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለሦስቱም ቤት አንዳንድ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፣ ይተዉት» ስላቸው «የምወቅጠው እስኪደክመኝ ነው፤ ገና አልደከመኝም» ይሉኛል። በአሥረኛው ዓመት ደከማቸው። የጀመሩት ደብዳቤ ሰላምታው ላይ እንደቆመ መሳቢያቸው ውስጥ አገኘነው።

በ2015 ዓ.ም. ካንሰር ይዟቸው፣ በገዛ እጃቸው ከሰቀሏቸው ማጉያዎች ሥር ተኙ። ጆሯቸውን በጥጥ ደፈንንላቸው። ሴት ልጃቸው መስጊዱንና ጸሎት ቤቱን ለመነች፤ እኔ ወደ እኛዎቹ ሄድኩ። «እህታችን፣ እናዝናለን። ግን መጀመሪያ እነሱ ይቀንሱ» አሉኝ። ይህን ያሉኝ ዛሬም እዚህ ቀብሩ ላይ ቆመዋል።

ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፉ። ሊያርፉ ሲሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሷል። ባለቤታቸው ጆሯቸውን አፋቸው ላይ ደፍተው እንኳ ያሉትን አልሰሙም፤ ሦስቱም ማጉያዎች ክፍት ነበሩ። ለእኛ ምን ብለው እንደሄዱ አናውቅም፤ ከእንግዲህም አናውቀውም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ለሞታቸው ሲባል የሚቀነስ ነገር አይኖርም፤ ነገ ጠዋት ሁሉም እንደሚከፈት አውቃለሁ።

የቀረችው ምርቃት ናት። እዚህ ላይ ይህን ጽሑፌን የሚያነብልኝ ሰው ማጉያውን ያጥፋልኝ፤ ከኋላ የቆመ ካልሰማ ወደ ፊት ይቅረብ።

እግዚአብሔር የወንድም ጋሼን ነፍስ ጸጥ ባለ ስፍራ ያሳርፍልን። አሜኑም ቀስ ተብሎ ይባል።